ከብጣሽ ጨርቅ የሕፃን ኳስ በእጅ የመስፋት አሠራር

ባሕር ዳር ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለእናትየዋ የሚጠቅም ነገር ይይዛል፤ ቅቤ፣ ማር፣ የገንፎ ዱቄት፣ አልፎ አልፎም ለሕፃኑ የተገዛ ልብስ ይታከልበታል። እዚህ የሚቀርበው አሠራር ከዚያ ልማድ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ስጦታ ለማዘጋጀት ነው፤ ይኸውም ከልብስ ስፌት ከተረፈ ብጣሽ ጨርቅ በመርፌና በክር ብቻ የሚሠራ፣ ሕፃኑ ሊጨብጠው፣ ሊያንከባልለውና ያለ ጉዳት ወደ አፉ ሊወስደው የሚችል ለስላሳ ኳስ ነው። የስፌት መኪና አያስፈልግም፤ ስፌቶቹ እጅግ አጫጭር ስለሆኑና እያንዳንዱ ስፌት በትክክለኛ ነጥብ ላይ መጀመርና መቆም ስላለበት፣ እጅ ለዚህ ሥራ ከመኪና የበለጠ ይታዘዛል።

ኳሱ የሚሠራው አምስት እኩል ጎኖች ካሏቸው 12 ቁራጮች ነው። ቁራጮቹ ሲጋጠሙ 30 ስፌቶችና 20 ማዕዘኖች ይፈጠራሉ፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ የሚገናኙት ሦስት ቁራጮች ብቻ ናቸው። ሌላው የተለመደ አሠራር ጫፋቸው የሾለ ስድስት ወይም ስምንት ረጃጅም ቁራጮችን ጎን ለጎን ሰፍቶ ላይና ታች ማገናኘት ነው። ይህኛው ፈጥኖ ያልቃል፤ ነገር ግን ስድስት ወይም ስምንት ሹል ጫፎች በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚከማቹ ያ ቦታ ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ለመከፈትም የሚቀድመው እርሱ ነው። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ በድዱ የሚያኝክ በመሆኑ፣ ጊዜ ቢወስድም በአንድ ነጥብ ላይ ከሦስት በላይ ጫፍ የማይገናኝበት ባለ 12 ቁራጩ ኳስ ይመረጣል።

የዚህ ኳስ መልክም ሆነ ጥንካሬ ከመስፋቱ ይልቅ በመለካቱና በመቁረጡ ላይ ይወሰናል። ከ12ቱ አንዱ ቁራጭ በ2 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ስሕተቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይተላለፍና መጨረሻ ላይ የማይገጥም ጎን ይወጣል፤ ያን ጎን በግድ ስቦ መስፋት ደግሞ የተጨማደደና የተወጠረ፣ ቀድሞ የሚተረተር ስፌት ያስከትላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ቅርጽ ማውጣት የተጻፈው ረዘም ቢል አንባቢ በትዕግሥት እንዲከታተለው እጠይቃለሁ።

መጠኑን መወሰን

የኳሱ የውፍረት ልክ ማለትም ዲያሜትሩ፣ ከአንዱ ቁራጭ የጎን ርዝመት 2.6 ጊዜ ያህል ይሆናል። ጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኳሱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ 4 ከሆነ 10.5 ገደማ፣ 5 ከሆነ ደግሞ 13 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ጀማሪ ባለ 4 ሴንቲ ሜትሩን ቢይዝ ይሻላል፤ ከዚህ ያነሰው ለጣት ይጠባል፣ ከዚህ የበለጠው ደግሞ ለትንሽ ልጅ እቅፍ ይበዛል። በዚህ ጽሑፍ የሚሰጡት ልኮች በሙሉ ለባለ 4 ሴንቲ ሜትሩ ናቸው። ምንም ያህል ብጣሽ ቢተርፍ ትንንሽ ኳስ መሥራት አይገባም፤ ዲያሜትሩ ከ4.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ኳስ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ የሚዘጋ አደገኛ ነገር ነው።

ስጦታው የሚሰጥበት ጊዜም የቀለም ምርጫውን ይነካል። በአራስነቱ ወራት ሕፃኑ ኳስ መጨበጥ አይችልም፤ ይልቁንም ጥቁርና ነጭን የመሰለ በግልጽ የሚለያይ ቀለምን አትኩሮ ያያል። እጁን ዘርግቶ ዕቃ መያዝ የሚጀምረው ሕፃናት ቢለያዩም በአራተኛውና በአምስተኛው ወር አካባቢ ነው፤ ወደ ስድስተኛው ወር ዕቃን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያሸጋግራል፤ መዳህ ሲጀምር ደግሞ የሚንከባለለውን እየተከተለ ይሄዳል። ስለዚህ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን በሚደረገው ክርስትና ወይም በሰባተኛው ቀን በሚደረገው አቂቃ የሚሰጥ ኳስ፣ ለጊዜው እናቱ ፊቱ ላይ ይዛ የምታሳየው፣ ወራት ሲያልፉ ደግሞ ራሱ የሚይዘው እንዲሆን ደማቅና ፈዛዛ ጨርቅን አቀላቅሎ መሥራት ብልኅነት ነው።

ጨርቅ መምረጥና ማጠብ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ እያንዳንዱ በ9 ሴንቲ ሜትር ካሬ የሚቆረጥ በድምሩ 12 ብጣሽ ይበቃል። በከተማችን ገበያ ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ ላይ ይህን ያህል ብጣሽ ማግኘት አያስቸግርም፤ ቤት ውስጥም ያረጀ አንሶላ፣ አንገቱ የተበላ ሸሚዝ፣ ያጠረ የልጅ ቀሚስ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ የሚለቀውን ቀለም አስቀድሞ የለቀቀ፣ የሚሰበሰበውንም ያህል የተሰበሰበ ስለሆነ ከአዲስ ጨርቅ ይመረጣል፤ ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ የሳሳ ከሆነ ግን ይቅር። ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት፣ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዋ ሥር የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ስለሆነች፣ ጨርቅን ዳስሶ ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ ብሎ የሚለይ ሰው በየሰፈሩ አይታጣም። ያልለመደ ሰው ግን ከጨርቁ ጥቂት ክር መዝዞ በጥንቃቄ ቢያቃጥል መለየት ይችላል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሽታ ሰጥቶ ወደ ብናኝ አመድ ሲለወጥ፣ ሰው ሠራሹ ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይደርቃል።

አቡጀዲ፣ ፖፕሊንና የጥጥ አንሶላ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። የተለጠጠ የካናቴራ ጨርቅ ከእነዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ኳሱ ሲሞላ የተለጠጠው ወገን ብቻ ያብጣልና። የሽመና ጨርቅ፣ ለምሳሌ የነጠላ ወይም የጋቢ ብጣሽ፣ ወይም በፎገራ ወረዳ ከሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ የሽመና ሥራ የተረፈ ባለ ቀለም ቁራጭ፣ ለኳሱ የሚሰጠው ውበት ትልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ድርና ማጉ ስለሚላላ ጠርዙ ፈጥኖ ይተረተራል። እንዲህ ያለውን ለመጠቀም የፈለገ ሰው ከጀርባው ስስ አቡጀዲ ደርቦ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ይቁረጥ፤ የስፌት ትርፉንም፣ ማለትም ከስፌቱ መሥመር ውጭ የሚተወውን ጨርቅ፣ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ያሳድገው። በጥለቱ ውስጥ ብልጭልጭ ክር ካለ ያ ክፍል መግባት የለበትም፤ ለአዋቂ የማይሰማ ሻካራነት የሕፃን ድድና ጉንጭ ይጭራልና።

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ሽቶ የበዛበት ሳሙና ግን አያስፈልግም። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቆች ለየብቻ ይታጠቡና እርጥብ እንዳሉ በነጭ አቡጀዲ ላይ ተጭነው ይቆዩ። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ማጠቡ ይደገም፤ ከሦስተኛው እጥበት በኋላም የሚለቅ ጨርቅ ለሌላ ሥራ ይዋል እንጂ ለዚህ ኳስ አይሁን። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለሙን ያስረዋል የሚል እምነት በሰፊው አለ፤ ሕፃን የሚጠባውን ጨርቅ ግን በዚህ ተማምኖ ማሳለፍ አይገባም። ከደረቀ በኋላ ጨርቁ በደንብ ይተኮስ፤ የተጨማደደ ጨርቅ ላይ የወጣ ልክ ልክ አይደለም።

ከጨርቁ ሌላ የሚያስፈልጉት ቀጭን የእጅ መርፌ፣ ጠንካራ የፖሊስተር ክር፣ የሚቆርጥ መቀስ፣ ስፒሎች፣ የተሳለ እርሳስ ወይም የሰፊ ጠመኔ፣ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ጠጣር ካርቶን ናቸው። በእጅ የተፈተለ ፈትል ለጥልፍ የሚያምር ቢሆንም ለዚህ ስፌት ይበጠሳል። ሥራው ሲጀመር መርፌዎቹና ስፒሎቹ ይቆጠሩ፤ ቁጥሩም በወረቀት ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ያው ቁጥር ሳይገኝ ኳሱ ከቤት መውጣት የለበትም።

ቅርጹን ማውጣት

ትክክለኛ ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ለማግኘት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በኮምፓስ ነው። ካርቶኑ ላይ ከመሐል ነጥቡ እስከ ጠርዙ 3.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይሣሉ፤ በዚያው ነጥብ ላይ ኮምፓሱን እንደተከሉ 4.3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለተኛ ክብ ይጨምሩ። ከዚያ በፕሮትራክተር በየ72 ዲግሪው ምልክት እያደረጉ ከመሐሉ ተነሥተው ሁለቱንም ክቦች የሚያቋርጡ አምስት መሥመሮችን ያስምሩ። መሥመሮቹ ትንሹን ክብ የነኩባቸውን ነጥቦች በማስመሪያ ሲያገናኙ ጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የስፌት መሥመር ያገኛሉ፤ ትልቁን ክብ የነኩባቸውን ሲያገናኙ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ያህል የስፌት ትርፍ ያለው የመቁረጫ መሥመር ይወጣል።

ሁለተኛው መንገድ ኮምፓስም ሆነ ፕሮትራክተር በሌለበት ቤት የሚሠራ ነው፤ እኔም ከሁለቱ ይህን እወደዋለሁ። ወርዱ በትክክል 3.8 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ወረቀት ይቆርጡና እንደ ገመድ አንድ ጊዜ ብቻ ይቋጥሩታል። ቋጠሮውን ሳይጨማደድ ቀስ እያሉ ከሁለቱም ጫፍ ይስቡት፤ ምንም ክፍተት ሳይቀርበት ሲጠጋጋ በጣት ይጫኑት። ቋጠሮው ራሱ ጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ እኩል አምስት ጎን ሆኖ ይገኛል። ትርፍ ጫፎቹን ቆርጠው ካርቶን ላይ ዙሪያውን ይንደፉት። ለሌላ መጠን የወረቀቱ ወርድ ከሚፈለገው ጎን በጥቂቱ ያነሰ፣ በትክክል ሲነገር ጎኑ በ0.95 የተባዛ መሆን አለበት።

በየትኛውም መንገድ የወጣው ቅርጽ ካርቶን ላይ በስፌት መሥመሩ ከተቆረጠ በኋላ መፈተን ይኖርበታል። አምስቱም ጎኖች በማስመሪያ ይለኩ፤ ከዚያ በኋላ ቅርጹን ወረቀት ላይ ነድፈው አንድ ጎን ያህል ያዙሩትና በዚያው ንድፍ ላይ መልሰው ያስቀምጡት። በአምስቱም አቀማመጥ ከንድፉ ሳያልፍ ሳይጎድል የገጠመ ቅርጽ ለሥራ ይሆናል፤ ያልገጠመው ተጥሎ አዲስ ይውጣ። አሥራ ሁለት ጊዜ የሚገለበጠው ይህ አንድ ካርቶን ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ከሁሉም የሚጠቅመው ነው።

መቁረጥና ቀለም ማደላደል

ካርቶኑ በጨርቁ ጀርባ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱ ጎኑም ከድሩ ጋር እኩል ይሂድ። ጨርቅ በሰያፍ ሲሳብ ስለሚለጠጥ ቁራጮቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከተቆረጡ የሚለጠጡት እኩል ነው፤ ኳሱም በአንድ ወገን አይጎብጥም። የስፌት መሥመሩ በተሳለ እርሳስ ይነደፍ፤ አምስቱም ማዕዘኖች ላይ ግልጽ ነጥብ ይደረግ፤ ከዚያ 7 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ትርፍ እየተተወ ይቆረጥ። የመቁረጫው ጠርዝ ትንሽ ቢዛነፍ ጉዳት የለውም፤ የስፌት መሥመሩና ነጥቦቹ ግን መዛነፍ የለባቸውም። ከ12ቱ ሌላ ሁለት ትርፍ ቁራጮች መቁረጥ ጥሩ ነው፤ ጥቅማቸው ወደ መጨረሻ ይነገራል።

ስድስት ዓይነት ጨርቅ ላለው ሰው፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ቆርጦ አንድ ዓይነት የሆኑት በኳሱ ላይ ፊት ለፊት እንዲተያዩ ማድረግ መልኩን እጅግ ያሳምረዋል። ለዚህ ቁራጮቹን ጠረጴዛ ላይ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ በሁለት አበባ መልክ ይደርድሩ፤ በእያንዳንዱ መሐል አንድ፣ ዙሪያውን አምስት ይሆናሉ። ሁለቱም መሐሎች አንድ ዓይነት ይሁኑ። በመጀመሪያው አበባ ዙሪያ ያሉትን አምስት ጨርቆች ከ1 እስከ 5 ቁጥር እየሰጡ እንደ ሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ያስቀምጡ፤ በሁለተኛው ላይ ግን እነዚያኑ አምስት ዓይነቶች በተቃራኒው አቅጣጫ ይደርድሩ። ሁለቱ ግማሾች በሚጋጠሙበት ጊዜ የመጀመሪያው ቁጥር 1 በሁለተኛው ቁጥር 3 እና 4 መካከል ከገባ፣ የቀሩት ሁሉ በራሳቸው ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ቁጥሮቹን በትርፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ መጻፍ ይበቃል። ጨርቁ የተደበላለቀ ከሆነ ደግሞ ደማቆቹ በአንድ ወገን እንዳይከማቹ ብቻ እየተጠነቀቁ በዓይን እያዩ መደርደር ይቻላል።

መስፋት

ክሩ ከ50 ሴንቲ ሜትር አይርዘም፤ ረዥም ክር ይጠመዘዛል፣ ይላላል። ከመርፌ ዓይን ካለፈ በኋላ በሰም ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይሳብ፤ የጧፍ ቁራጭ ካለ ለዚህ በቂ ነው፤ ሰሙ ክሩን ያለሰልሰዋል፣ እንዳይቋጠርም ይጠብቀዋል። ስፌቱ በሙሉ ወደ ኋላ እየተመለሱ የሚሰፋ የኋልዮሽ ስፌት ይሁን፤ ይኸውም መርፌው በፊት በኩል አንድ እርምጃ ቀድሞ ይወጣና ወደ ኋላ ተመልሶ ካለፈው ስፌት ጫፍ ላይ ይገባል። ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ስፌት ፈጣን ቢሆንም አንድ ቦታ ላይ ሲበጠስ ሙሉው ይሳባል። እያንዳንዱ የመርፌ እርምጃ ከ2.5 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፤ ይህም በአንድ ጎን 16 ገደማ፣ በኳሱ ሁሉ ደግሞ 500 ያህል እርምጃ ማለት ነው።

በመጀመሪያ የመሐሉን ቁራጭና ከጎረቤቶቹ አንዱን ፊት ለፊት ያነባብሩ። በአንዱ ጎን ጫፎች ላይ ያሉትን ሁለት ነጥቦች ከፍ አድርገው በስፒል ወግተው ከሌላው ነጥቦች ጋር ያገናኙ፤ መሐሉንም በአንድ ስፒል ያስይዙ። መርፌው የሚገባው ከጨርቁ ጠርዝ ሳይሆን በትክክል ከነጥቡ ላይ ነው፤ የሚቆመውም በሌላኛው ነጥብ ላይ ነው። በሁለቱም ነጥቦች ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሱ። ከነጥቡ ውጭ ያለው ትርፍ ጨርቅ በምንም ምክንያት አይሰፋ፤ ሦስተኛው ቁራጭ ሲመጣ እንዲተጣጠፍና ቦታ እንዲሰጥ ነፃ ሆኖ መቅረት አለበት። ማዕዘኖቻቸው የተሸበሸቡ የእጅ ሥራ ኳሶች አብዛኞቹ የተበላሹት ስፌቱ እስከ ጨርቁ ጠርዝ ድረስ ስለ ተወሰደ ነው።

አምስቱም ቁራጮች በመሐሉ ዙሪያ ከተሰፉ በኋላ ተጎራባቾቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። የመሐሉን ቁራጭ ወደ ጎን አጥፈው ሁለቱን ጎረቤቶች ፊት ለፊት ያገናኙ፤ ከመሐሉ ማዕዘን ጀምረው ወደ ውጭ ይስፉ። አምስት እንዲህ ያሉ ስፌቶች ሲያልቁ ጨርቁ በራሱ ይጎደጉድና ግማሽ ኳስ ይሆናል። ፊቱን ወደ ውጭ አድርገው እያንዳንዱን ማዕዘን ይመርምሩ፤ የሦስቱ ጫፎች መገናኛ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያስገባ ቀዳዳ እንኳ ከታየ፣ ወደ ውስጥ ይመለሱና ክሩን በሦስቱም ነጥቦች ውስጥ በክብ አሳልፈው ይሳቡት። የስፌት ትርፎቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከመከፈት ይልቅ ሁሉም በማዕዘኑ ዙሪያ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢተኙ ስፌቱ ይጠነክራል፤ ማዕዘኑም አይወፍርም። ሁለተኛው ግማሽ በዚሁ መንገድ ይሠራ።

የሁለቱን ግማሾች ማጋጠሚያ ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ነገሩ ግን ከታየው ይቀላል። አንዱ ግማሽ ፊቱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ ፊትና ፊት ይተያያሉ። የእያንዳንዱ ግማሽ አፍ ወጣ ገባ ያለ 10 ጎን አለው፤ የአንዱ ወጣ ያለ ማዕዘን በሌላው ገባ ያለ ማዕዘን ላይ ያርፋል። የተጻፈውን የቁጥር ደንብ እየተከተሉ ከ10ሩ ማዕዘኖች ሁሉንም በስፒል ካስያዙ በኋላ ብቻ መስፋት ይጀምሩ። አንድ ጎን በሰፉ ቁጥር ጨርቁን እያዞሩና ትርፉን እየገለጡ 8 ጎኖችን ይጨርሱ፤ ተጎራባች የሆኑት ሁለቱ ጎኖች ክፍት ይቅሩ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነው ይህ አፍ ለመገልበጥም ለመሙላትም ይበቃል። ከመገልበጡ በፊት የክፍቱን አፍ ትርፍ ወደ ጀርባ አጥፈው በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት ያስይዙት፤ አሁን የሚደረገው ይህ ጥቂት ሥራ መጨረሻ ላይ የሚሰፋው ጎን ቀጥ ያለ እንዲሆን ያደርገዋል። ከዚያም ኳሱን በአፉ በኩል ቀስ ብለው ይገልብጡና ማዕዘኖቹን ከውስጥ በጣት ይግፏቸው፤ መቀስ ወይም ሌላ ሹል ነገር አይጠቀሙ።

መሙላትና መዝጋት

ለመሙያ ሁለት ጥሩ ነገሮች አሉ፤ አንዱ በደጋን የተነደፈ ንጹሕ ባዘቶ ነው፤ ሌላው ለትራስ የሚሆን ነጭ ፋይበር ነው። ባዘቶው ለእጅ ሞቅ ይላል፣ ክብደቱም ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ውሃ ሲጠጣ ይጓጉላል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የጣና ዳር ዝናብና እርጥበት ውስጥ ባዘቶ የተሞላ ኳስ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ ውስጡ ሳይደርቅ ሊያድርና ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ ለክረምት ሕፃን ፋይበሩን፣ ለበጋ ሕፃን ባዘቶውን እመርጣለሁ። ወንዶች ልጆች መንገድ ላይ ለሚጫወቱበት ኳስ ካልሲ ውስጥ እንደሚጠቀጥቁት ያለ የጨርቅ ቁርጥራጭ ለሕፃን ከባድና ጎርባጣ ነው፤ የስፖንጅ ፍርፋሪም ስፌቱ ቢከፈት አፍ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱም አይሁኑ።

በባዘቶ ለሚሞላ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የታጠበ ስስ ካልሲ የላይኛው ክፍል አንድ ጫፉ ተሰፍቶ ባዶውን ኳሱ ውስጥ ይገባል፤ ባዘቶው የሚሞላው በእርሱ ውስጥ ነው፤ ሲሞላ አፉ ጠበቅ ተደርጎ ይሰፋል። የውጭው ስፌት አንድ ቀን ቢከፈት እንኳ ጥጡ ወደ ሕፃኑ አፍ አይደርስም።

መሙያው በትንሽ በትንሹ እየተፈታ ይገባ። በመጀመሪያ ከአፉ ራቅ ያሉት ማዕዘኖች፣ ቀጥሎ ግድግዳው ዙሪያውን፣ መጨረሻ ላይ መሐሉ ይሞላ፤ በክብ የተጠፈጠፈ ትልቅ ድቡልቡል ከመሐል ቢገባ ኳሱ ውጭው የላላ ውስጡ የደነደነ ይሆናል። የእንጨት ማንኪያ እጀታ ለመግፋት ይመቻል። በየመሐሉ በሁለት መዳፍ መካከል እያንከባለሉ ጎድጎድ ያለውን ይፈልጉ። በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ መጠኑ ደርሷል፤ ገና መጨበጥ ለሚለማመድ ሕፃን ከዚህ ላላ ቢል ይሻላል፤ ጣቶቹ ጨርቁን ቆንጥረው እንዲይዙ ነውና።

ድምፅ እንዲሰጥ ቃጭል፣ ዶቃ፣ አዝራር ወይም ጥራጥሬ ከውስጥ መጨመር ለብዙ ሰው የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ ለሕፃን በሚሰጥ ኳስ ላይ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ጥራጥሬው ሲታጠብ ይበሰብሳል ወይም ይነቅዛል፤ ቃጭሉና ዶቃው ደግሞ ስፌቱ በተከፈተ ቀን ወደ ጉሮሮ የሚገቡ ናቸው። ለመስቀያ የሚሆን ገመድ ወይም ሪባን ማንጠልጠልም እንዲሁ ይቅር።

አፉ የሚዘጋው በስውር ስፌት ነው። መርፌው ከአንዱ ጎን እጥፋት ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ሄዶ ይወጣል፤ በቀጥታ ወደ ፊት ለፊቱ እጥፋት ተሻግሮ እንደዚያው ይሄዳል፤ ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ክሩ ሲሳብ ሁለቱ እጥፋቶች ተሳስመው ክሩ ይሰወራል። እስከ መጨረሻው ከደረሱ በኋላ በመጡበት ተመልሰው ሁለተኛ ዙር ይስፉ፤ ከ30ዎቹ ጎኖች ከውጭ የሚሰፉት እነዚህ ሁለቱ ብቻ በመሆናቸው እጥፍ ጥንካሬ ይገባቸዋል። ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጥረው መርፌውን በኳሱ አካል ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አሻግረው ያውጡ፤ ክሩን ጠበቅ አድርገው ከጨርቁ አጠገብ ሲቆርጡት ጫፉ ወደ ውስጥ ይገባል። ጊዜያዊ ስፌቱም አሁን ይፈታል።

ከመስጠት በፊት

መርፌና ስፒል በተጻፈው ቁጥር መሠረት ይቆጠሩ። ከዚያ እያንዳንዱን ስፌት በሁለት እጅ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጠንከር ብለው ይሳቡት፤ 20ዎቹን ማዕዘኖችም በጥፍር ይሞክሯቸው። ክፍተት ያሳየ ቦታ ከውጭ በስውር ስፌት ይጠገን። የእርሳስ ምልክትና ከእጅ የተላለፈ እድፍ ስለማይታጣበት ኳሱ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቅ፤ በየጊዜው እየተገላበጠም በፀሐይና በነፋስ ይድረቅ። በሐይቁ ዳር ልብስ ማጠብ የተለመደ ቢሆንም ይህ ኳስ በቧንቧ ውሃ ቢታጠብ ይመረጣል።

ስጦታው በትንሽ ሙዳይ ወይም በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተደርጎ ሲሰጥ ለእናትየዋ ሦስት ነገሮች መነገር አለባቸው። የመጀመሪያው፣ ሕፃኑ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ኳሱ በመኝታው ላይ አብሮት እንዳያድር ነው፤ ማንኛውም ለስላሳ ዕቃ በእንቅልፍ ጊዜ አፍንጫና አፉን ሊሸፍንበት ይችላልና። ሁለተኛው፣ ኳሱ በየሳምንቱ እንዲታጠብና በታጠበ ቁጥር ስፌቱ እንዲታይ ነው። ሦስተኛው፣ አንድ ቁራጭ ሲያረጅ ኳሱ እንደማይጣል ነው፤ አስቀድመው የተቆረጡት ሁለት ትርፍ ቁራጮች ከጥቂት ክር ጋር አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። የሳሳው ቁራጭ ሳይፈታ፣ የአዲሱ ትርፍ በስፌት መሥመሩ ላይ ወደ ጀርባ ታጥፎ በካውያ ይተኮስ፤ በአሮጌው ላይ ማዕዘን በማዕዘን ይቀመጥና ዙሪያውን በጥቃቅን ዘምዘማ ከጎረቤቶቹ ስፌት ጋር ይያዝ።